ኮፈኑ ውስጥ የለጠፍከው ዓመት

ታዬ፣ የኔ ሰው፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ጤናህን ልጠይቅህ አልችልምና ያለሁበትን ልንገርህ። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ዲኬተር ከተማ ያለው የመኪና መለዋወጫ ሱቃችን እንደ ድሮው በጠዋት ይከፈታል። ማስታወሻ መያዜንም አልተውኩም፤ የዛሬውን ግን ላንተ ልጽፈው ወደድኩ፤ ስለ መኪናህ ነውና።

መኪናህ ሊቶኒያ ባለው ቤታችን ደጅ ላይ እንደተውካት ቆማ ነበር። ባለፈው ወር የሰፈሩ ማኅበር የማይነዳ መኪና ደጅ ላይ ማቆም ክልክል ስለሆነ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይነሳ የሚል ወረቀት ላከ። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ጠርቼ ማስጫን እችል ነበር። አላደረግኩትም። አንተ ስንት ዓመት የደከምክባት መኪና ተጨፍልቃ እንድትቀር አልፈለግኩም፤ እንዳለች የሚወስዳት ሰው መፈለግ ጀመርኩ።

የገዛሃት ቀን ያልኩህን ታስታውሳለህ? "የተሠራችበት ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ ቢበላሽ ከማን ልትገዛ ነው? እኔ መለዋወጫ የምሸጠው ሴትዮ የማላገኝላትን መኪና አመጣህብኝ!" አልኩህ። አንተ "ወላጅ የሌላት ናት፣ ዘመድ እንሁናት እንጂ" ብለህ ሳቅህ። ከዚያ ወዲህ የጠፋውን ዕቃ ራስህ በሞረድ እየሞረድክ ሠራህላት። የእኔ ድርሻ ማጉረምረም ነበር።

ኦንላይን ለሽያጭ ፖስት ሳደርጋት፣ የተሠራችበትን ዓመት ከኮፈኑ ውስጥ ከለጠፍከው ወረቀት ገለበጥኩ። የእጅህ ጽሑፍ ስለሆነ አልተጠራጠርኩም። በሦስተኛው ቀን ከብሩክሄቨን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ መጡ። ዞረው ዞረው አዩዋትና ፊታቸው ተለወጠ። "እመቤት፣ ይህች ከዚህም ከዚያም የተገጣጠመች ናት፣ አለዚያም ዓመቱ ውሸት ነው። በዚህ ዓመት ኩባንያው ራሱ አልነበረም" አሉኝ። ዋጋ ለማስቀነስ መስሎኝ "ባለቤቴ ውሸት አይጽፍም" ብዬ መለስኩላቸው።

እሳቸው ግን አልሄዱም። ኮፈኑን ተደግፈው ነገሩኝ። ወረቀቱ ላይ ባለው ዓመት አገሩ የዓለም ጦርነት ላይ ስለነበር ፋብሪካዎቹ ለሕዝብ መኪና መሥራት አቁመው የጦር መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ሰው መኪና ናፍቆት ያገኘውን ሁሉ ይገዛል። ኩባንያው የተወለደው ያኔ ነው። መጀመሪያ ሰው ተሰልፎ ገዛው። ትልልቆቹ አዲስ ሞዴል ይዘው ሲመጡ ግን ይኼኛው ኩባንያ ሞዴል የሚቀይርበት አቅም አልነበረውም። የሽማግሌው አባት እዚያ በር ገጣሚ ነበሩ፤ አንድ ጠዋት ምሳቸውን ይዘው ቢሄዱ የፋብሪካው በር ተቆልፏል። ነጋዴ ነኝና ገባኝ፤ ሸቀጥ በጠፋበት ጊዜ የመጣውን ገዢ ለዘለቄታው የራሳቸው አድርገው ቆጥረውት ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ወረቀትህን እንደገና አየሁት። ከዓመቱ ሥር በትንንሽ ፊደል "ጥቅምት፣ እኩያዬ" ብለሃል። ለካ በእኛ አቆጣጠር ነው! ፋብሪካው ከለጠፈባት ሰሌዳ ላይ አንብበህ፣ አንተ በተወለድክበት ወርና ዓመት መሠራቷን ስታውቅ በራስህ ዘመን ጻፍክላት፤ ለገበያ አልጻፍከውም። ሰባት ዓመት ደመርኩበት፤ ሽማግሌው ካሉት ጋር ልክ ገጠመ። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ሳስረዳቸው "ታዲያ እናንተ አገር ብሄድ ከዕድሜዬ ሰባት ዓመት ይቀነስልኛል ማለት ነው?" አሉ። ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። አንድ ብሎን ሳይነቅሉ እንዳለች ሊይዟት ቃል ገብተው ወሰዷት።

ለእኔ ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ያን ቁጥር ሌላ ቦታ ማየቴ ትዝ አለኝ። በነጋታው መቃብርህ ዘንድ ሄድኩ። ድንጋይህ ላይ የተቀረጸው የትውልድ ዓመት ያው ቁጥር ነው። ወደዚህ አገር ስንመጣ ፎርሙን የሞላልን ሰው የልደት ዓመትህን ወደ እነሱ አቆጣጠር ሳይለውጥ እንዳለ አስገብቶት ነበር። አንተ "በወረቀት አርጅቻለሁ" እያልክ ትቀልድበት ነበር፤ እኔ በዚያ በሐዘኑ ሰሞን ረስቼው ከመታወቂያህ ገልብጬ ለጠራቢው ሰጠሁ። የሞትክበት በእነሱ፣ የተወለድክበት በእኛ ተጻፈ። ድንጋዩ ያልኖርካቸውን ሰባት ዓመታት ጨምሮልሃል። እውነት በሆኑ ኖሮ አልኩ፣ ታዬ። ብቻዬን ቆሜ ስንት ጠዋት፣ ስንት ምሳ እንደሚሆኑ አሰብኩ።

ሽማግሌው ጥቂት ዓመት ብቻ የቆየ ፋብሪካ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደተዘጋ ጠንቅቀው ያውቃሉ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ያንተን አሳስቼ አስቀረጽኩ። ጠራቢውን አነጋግሬዋለሁ፤ ይታረማል። ከእንግዲህ ስለ አንተ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ መቼ እንደተወለድክ በእኛም በእነሱም አቆጣጠር እነግረዋለሁ። ያልኖርከውን አልጨምርብህም፤ የኖርከውን አልረሳብህም።

ባለቤትህ ዘነበች