ሻንጣ የያዘችው ሚስት ከአያ ትእዛዙ ፊልም ትቆረጥልን

ለክቡር አቶ ንጋቱ፣ «ብቸኛው ማሲንቆ» ለተባለው ፊልም ዳይሬክተር፤
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ካሜራዎ፣ ያ የሰቆጣን አቧራ ያልወደደው ነጭ ጫማዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፊልምዎን ካየን ወዲህ ግን ደህና የሆንነው ለሁለት ተከፍለን ነው።

ረስተውኝ እንደሆነ ካሤ የሻምበል ነኝ፤ ከሰቆጣ ባጃጅ ነጂዎች አንደኛው፣ ማንም ሁለተኛ ነኝ ብሎ እንኳ የማይጠጋኝ፣ በፊልምዎ መጨረሻ ላይ «የታሪክ አማካሪ» ተብሎ ስሙ የወጣው ሰው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሰው ማማከር ግን ከዚያ በፊት ነው የጀመርሁት።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ጥያቄዬን ከፊት ላስቀምጥ። ፊልሙ ደሴና ባሕር ዳር ከመታየቱ በፊት፣ ነፍሱን ይማርና ማሲንቆ መቺው አያ ትእዛዙ ታሞ ተኝቶ ሳለ ሚስቱ ሻንጣ ይዛ ጥላው የምትወጣበት ቦታ ይቆረጥልን። ሚስቱ እትዬ እማዋይሽ በሕይወት አሉ። እዚሁ እኛ ሰፈር ናቸው፤ በፊልሙ ምክንያት ግን ገበያ መውጣት ትተዋል።

የቀረውን ምስጋናዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ በዋግ ምድር ያለ እሱ ሰርግ የማይሞቀውን ማሲንቆ መቺ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ አንድ ዘፈን ተኩል ብቻ ስላዘፈኑት እናመሰግናለን። ጉሮሮው እንዳይደክም አስበውለት ይሆናል። ዘፈኑን በሜሞሪ ካርድ እየጫነ ለአገር ያዳረሰው ነጋዴው ሸምሱ ከአዳራሹ ስንወጣ ትከሻዬን ያዘና፣ «ስማ አማካሪው፣ ስንት ጊዜ አለቀሰ? አሥራ አንድ ጊዜ፤ ቆጥሬልሃለሁ። እኔ የማውቀው ሰውዬ እሱ እየሳቀ ሌላውን ነበር የሚያስለቅሰው» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ተዋናዩ መልከ መልካም ነው፣ ጥርሱም ያበራል፤ ማሲንቆውን ግን የያዘው እንደ ተዋሰው ጠብመንጃ ነው። አያ ትእዛዙ ግማሹን የሚዘፍነው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ነበር፤ እርስዎ አንዲት ቃል አላስገቡም። ከአበርገሌ ድረስ ፊልሙን ሊያዩ የመጡ ሰዎች እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ተቀምጠው፣ «የእኛው ትእዛዙስ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሦስተኛ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት አብቅለዋል። ሰቆጣ እንሰት ስላገኘች ደስ ብሎናል። የጎረቤታችን የደሃና ወረዳ ገብስ ዝናብ አጥቶ ሲጨነቅ ይኸ ተክል ምን ጠጥቶ እንደዚያ እንደወፈረ ብቻ ይንገሩን።

አራተኛው ሻንጣው ነው። እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላቁም።

እትዬ እማዋይሽን የክብር እንግዳ ብለን ከፊት አስቀመጥናቸው። በባጃጄ ጥሩንባ እየነፋሁ ያመጣኋቸውም እኔ ነኝ። ከዚያ በሸራው ላይ ከንፈሯን የተቀባች ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች፤ ተዋናዩም የበሩን መቃን አቅፎ ተንሰቀሰቀ። እትዬ እማዋይሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ተነሱ፣ ወጡ። አያ ትእዛዙ እግሩ ከድቶት ሦስት ዓመት ሲተኛ ያጠቡት፣ ያገላበጡት፣ ጠዋት ጠዋት ደግፈው ፀሐይ ያሞቁት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ በርበሬያቸውን ይዘው ገበያ ቢወጡ ልጆች «ሻንጣ መጣች» አሉ። ባጃጅ ተራችን ላይም የአያ ትእዛዙ ወዳጅ ነኝ ባዩ ሁሉ ሁለት ሆነ፤ ግማሹ «አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የተሠራ ነገር ዝም ብሎ አይወራም፣ ጥላው ሄዳለች» ይላል፣ ግማሹ ይኸን ያለውን ሊደበድብ ይነሳል። ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ በር አልከፈቱልኝም። ከውስጥ ሆነው፣ «ካሤ፣ ያ ሦስት ዓመት ያጠብሁት እግር የማን ነበር በላቸው» አሉኝ። ይኸው ብያለሁ።

አሁን ሻንጣው ከየት እንደመጣ ልንገርዎ። ከሸምሱ በወሰዱት የሰርግ ቅጂ ላይ አያ ትእዛዙ እንዲህ ሲል ሰምተዋል፦

ሻንጣ ገዝቼላት፣ ልብሷን አጣጥፌ፣
እሷ ባሕር ማዶ፣ እኔ በር ታቅፌ።

በእኛ አገር ሰርግ ማሲንቆ መቺው የራሱን ብቻ አይዘፍንም። እንግዳው ይነሳና «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ሆድ የባሰው ሰጪው ነው፣ አፉ የማሲንቆ መቺው ነው። በእርስዎ አቆጣጠር ከሄድን አያ ትእዛዙ መቶ ጊዜ ተክዷል፣ ሦስት ጊዜ ሰው ገድሏል፣ አንድ ጊዜም መንታ ወልዷል። እትዬ እማዋይሽ ደግሞ ከተሻገሩት ውሃ ትልቁ ተከዜ ነው፤ እሱንም በበጋ።

ያችን ግጥም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በአጎቴ ልጅ ሰርግ፣ ጠላው ደፋር ሲያደርገኝ። ሻንጣውን የገዛሁ እኔ፣ ልብሷን ያጣጠፍሁ እኔ፣ እስከ መናኸሪያ በነጻ ያደረስሁም እኔ። ጥላኝ ባሕር ማዶ የሄደችውን ልጅ ስም አልጠራም፤ የሰው ስም በየአደባባዩ መጥራት የሚያመጣውን አይቻለሁ። እርስዎ «ይህ ስለ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ካሜራ የያዘችው ቆንጆ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ነበር። በእሷ ፊት «የተተውሁት እኔ ነኝ» የሚል ጎረምሳ ሰቆጣ ውስጥ ካለ ያምጡልኝ። «ስለ ሚስቱ ይመስለኛል» አልሁ። እርስዎም «ይመስለኛል»ን ጣል አድርገው ሚስቲቱን ያዙ። ካረፉበት ሆቴል እስከ እትዬ እማዋይሽ ደጅ ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ያን ያህል መንገድ ከመሄድ ይልቅ የአንድ ባጃጅ ነጂ ቃል ስለበቃዎት ውለታዎን አልረሳም። እናቴ እንኳ በዚህ ልክ አምናኝ አታውቅም።

ይኸን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ጽፌ ወደ እርስዎ ከመላኬ በፊት በገበያ ቀን በርበሬ ተራ መሀል ቆሜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ገበያው በሙሉ ሳቀብኝ፤ ሻንጣ እያሉ የሚጮኹት ልጆችም አሁን ከባጃጄ ኋላ ናቸው። እትዬ እማዋይሽ ግን እስካሁን አልወጡም። የእኔ ድምፅ የሚደርሰው እስከ ገበያው ጫፍ ነው፤ የእርስዎ ፊልም ደሴ ይደርሳል። ስለዚህ ነው የምለምንዎት።

ከአማካሪነቱ በገዛ ፈቃዴ የተሰናበትሁ፣ ክብርዎን ከሩቅ፣ ስሕተትዎን ግን ከቅርብ የማውቅ፣ ታዛዥዎ

ካሤ የሻምበል
ከሰቆጣ

የረሳኋት፦ መቁረጡ የሚከብድዎ ከሆነ ቦታዋ ትቆይ፤ ብቻ ከላይዋ የእኔን ስም ይጻፉባት። መቃኑን አቅፎ ሲያለቅስ ተዋናዩ አንዲት ነገር አላጎደለም፤ ንፍጡ ሳይቀር ልክ ነው። በፊልምዎ ውስጥ እውነት የሆነችው ቦታ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም የአያ ትእዛዙ አይደለችም።