ሃያ ሰባት ደቂቃ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ላፕቶፑን አበራሁና ወደ ጓዳ ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው። ሳህን አጠብኩ፣ ሽንኩርት ላጥኩ፣ የባለቤቴን የኣፅብሃን ሸሚዝ ተኮስኩ። ተመልሼ ሳይ ያቺ ክብ ነገር አሁንም ትሽከረከራለች። ባልየው በበሩ ሲያልፍ አየና ሳቀ። ይሄ ዕቃ ከኔም በላይ እንቅልፍ ይወዳል አለ። ከሱ በላይ! ራሱ አመነ ማለት ነው።

ሲከፈት ግን... ኢሜይል! ከአማካሪዬ፣ ከዶክተር የኔአለም። ሁለተኛ ዕድል ሰጡኝ! ግንቦት 15፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በቪዲዮ። ከተማችን ስለምትጠጣው የዓይናለም ጉድጓዶች ውሃ የጻፍኩትን የማስተርስ ጽሑፍ አዲስ አበባ ላሉት ፈታኞች አቀርባለሁ። መጨረሻ ላይ የጻፉልኝን ግን ሁለቴ አነበብኩት። "ይሄም ካለፈሽ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።"

ያለፈው ጊዜ በምን አመለጠኝ? ማቅረብ በጀመርኩ በአምስተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱስ ወዲያው ተመለሰ። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ግን ፈታኞቹ ተነስተው ሄዱ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

በስልኬ ሰዓት ያዝኩበት። ከማብሪያው እስከ ጽሑፌ መከፈት፣ ሃያ ሰባት ደቂቃ! ከቤቴ ወጥቼ፣ በቀዳማይ ወያነ ገበያ አቋርጬ፣ ትምህርት ቤት ደርሼ ጠመኔ የምይዝበት ጊዜ ነው።

ኣፅብሃ አዲስ እንግዛ ይላል። በምን? በሳቁ? በስልኬ እንዳላቀርብ ለላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚሰጠው እሱ ነው። ልዋስ ብል የባልደረባዬ የገብረዝጊ ከኔም ይብሳል።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ከተነሳ በኋላ እኮ ደህና ነው። ታዲያ ሲነሳ ምን እየሠራ ነው?

ግንቦት 8፣ ዓርብ

አገኘሁት! አገኘሁት!

ስልኬ ላይ ሳነብ ነው ያየሁት። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ ዝርዝር ይመጣል። "ስታርትአፕ" የሚለው ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ተደርድረዋል። ሃያ ሦስት! ሁለቴ ቆጠርኩ። ሙዚቃ ማጫወቻው፣ ሁለት የፊልም ማውረጃ፣ አይቼው የማላውቀው ፕሪንተር... ደግሞ ሦስት አንቲቫይረስ። አንድ በር ላይ ሦስት ዘበኛ! እርስ በርስ ሲፈታተሹ ነው ለካ የሚነጋው።

ማን ጫናቸው? ገብረዝጊ ነዋ። የፊዚክሱ መምህር፣ መምህራን ክፍል አጠገቤ የሚቀመጠው። በጦርነቱ ኔትወርክ በተቋረጠበት ጊዜ ቁሓ፣ አየር ማረፊያው አካባቢ፣ አንድ ሰው ፕሮግራም ይዟል ሲሉት በእግሩ እዚያ ድረስ ሄዶ በፍላሽ ቀድቶ መጣ። የሁላችንም ኮምፒውተር ላይ ጫነልን። ሌላ ሲያገኝ ሌላ ጨመረ። ማን እንቢ አለ? "ቢያስፈልግስ" ነበር የሁላችንም ቃል። ያኔ ባዶ ጀሪካን እንኳ አንጥልም ነበር።

አሥራ ስምንቱን አንድ በአንድ "ዲሴብል" አልኳቸው። አይጠፉም፣ ሳይጠሩ አይነሱም እንጂ። አጥፍቼ አበራሁ... አሥራ አንድ ደቂቃ! ጮህኩ። ኣፅብሃ እሳት የተነሳ መስሎት ባዶ እግሩን መጣ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ወይኔ ጉዴ። አማርኛ አልጽፍ አለኝ። ምን ነካሁ? ምን አበላሸሁ?

ለካ የፊደል መጻፊያውንም አብሬ አስተኝቼዋለሁ። ተመልሼ ዝርዝሩ ውስጥ ገባሁ፣ አንዴ ነካሁት፣ ተነሳ። ሁሉም ነገር እንደነበረ። እንዲህ በስህተቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም... በቃ ምንም አልጠፋም!

አሁን የሚያዘገዩት አንቲቫይረሶቹ ናቸው። እነሱ ተኙ ቢሏቸው አይተኙም። ሁለቱን ጭራሽ ማውጣት ነው ያለብኝ። "ይውጣ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እጄ ግን እንቢ አለ። ገብረዝጊ በእግሩ ሄዶ ያመጣው ነገር... ደግሞስ ኔትወርክ እንደገና ቢጠፋ ከየት ይገኛል? የፈራሁት እሱን ማስቀየም ነው ወይስ ያንን ጊዜ? ሁለቱንም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። በእረፍት ሰዓት፣ ቀስ ብዬ። ሦስት ዘበኛ ስላቸው አልሳቀም። ደብተሩን ይዞ ክፍል ገባ። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። ምነው አፌን በዘጋሁ!

አሥር ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ራሱ። ቢጫ ክር የታሰረበትን የያኔውን ፍላሽ ይዟል። ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠና አንዱን አንቲቫይረስ ከፈተ። መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ፈለገ። ዓመታት አልፈውታል። ሁለተኛውም እንደዚያው።

"ያኔ ሁሉንም የያዝነው ምኑ እንደሚያልቅብን ስላላወቅን ነው" አለኝ። "አሁን እነዚህ አይጠብቁሽም፣ እማዋይሽ። እያገዱሽ ነው።"

ፍላሹን እጄ ላይ አስቀመጠ። ከፈራሽ እዚህ ውስጥ አሉልሽ አለኝ። ከዚያ ሁለቱንም ራሱ አወጣቸው። አዲሱን፣ ሦስተኛውን ብቻ ተወ።

አጠፋን። አበራን። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ!! ሁለታችንም ብድግ አልን። እንደገና አለ። እንደገና አደረግን። አምስት ጊዜ! የሃምሳ ዓመት ሰውዬ በየጊዜው እንደ ልጅ ያጨበጭባል።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ዛሬ መብራት አራቴ ሄደ። አራቴም ሰዓት ያዝኩ። ከሁለት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ አላለፈም። ነገ ይሂድ እስቲ!

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሄደ።

ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ የጉድጓዶቹን ካርታ እያሳየሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። የራሴ ፊት ብቻ ታየኝ። ቶሎ በስልኬ "መብራት ነው፣ እመለሳለሁ" ብዬ ላክሁላቸው። ኣፅብሃ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አምፖሉን ያያል። "ኣጆኺ፣ ኣጆኺ" እያለ ያጽናናኛል፣ ድምፁ ግን ከኔ በላይ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ደቂቃ... አራት... "መጣ!"

ተጫንኩት። አልቆጠርኩም፣ ጸለይኩ እንጂ። ተከፈተ። ካርታው ተከፈተ። ገባሁ። አራቱም ፈታኞች አሉ! ሰብሳቢው ቀና ብለው አዩኝ።

"ተመለሱ እንዴ? ሻይ እንኳ ሳናዝ" አሉ።

ቀጠልኩ። ስለ ውሃው መጠን የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። ከዚያ ውጪ አሉኝ፣ ከዚያ ግቢ አሉኝ... አለፍኩ። "በጣም ጥሩ" ነው ያሉት! ዶክተር የኔአለም ስክሪኑ ጥግ ላይ ሆነው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔማ ምኑን ልጻፈው... ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ለገብረዝጊ ደወልኩ። በስልኩ ውስጥ ሲያጨበጭብ ሰማሁት።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ፍላሹን ለገብረዝጊ ልመልስለት አልኩ። እምቢ አለ። አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ የኔን ላፕቶፕ ነገ አመጣልሻለሁ፣ ሰዓት ይዣለሁ፣ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ነው አለኝ። የሠላሳ አንዱን ነገር ሲያወራ ኩራት ቢጤ አለበት።

ማታ ላፕቶፑን አበራሁና ወደ ጓዳ ገባሁ። ልማድ አይለቅም። ሳህኑን አጠብኩ፣ ሽንኩርቱን ላጥኩ። ስመለስ ስክሪኑ ጨልሟል። ደነገጥኩ። ምን ሆነ ደግሞ? ጣቴን አሳረፍኩበት፣ ወዲያው በራ።

ለካ ተነስቶ፣ ጠብቆ ጠብቆኝ፣ ስቆይበት ተኝቶ ነው።