ውሃው ያልፈሰሰበት መንገድ

ይድረስ ለወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም አለን።

አባዬ ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰር የመንገድ መደልደያ ብረት ገዛ። የመረጠው ከሁሉም ርካሹን ነው። ሻጩ «ቀላል ስለሆነ ደረቅ መሬት ላይ ይዘላል» ቢለው፣ «እኔም በወጣትነቴ እዘል ነበር» ብሎ አሳቀው። እውነትም ዘለለ። አባዬ ተናዶ ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ ጠጠሩን ሁሉ ጠርጎ ቦይ ውስጥ ከተተው። በአካፋ መለስነው። ከዚያ ብረቱን ትንሽ ከፍ አድርገን ወደ ጎን አዞርነው፣ ላዩ ላይም አሸዋ የሞላ ጆንያ አሰርንበት። አሁን ዝም ብሎ ይሄዳል።

አባዬ ደልድሎ ሲጨርስ አሮጌዋ መኪናችን ውስጥ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዤ እቀመጣለሁ፤ እሱ ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ይነዳል። ውሃው ከፈሰሰ እንደገና ይደለድላል። ባለፈው እማዬን ከሐኪም ቤት ስናመጣት በየጉድጓዱ «ኧረ ቀስ በል» ትለው ነበር። ትናንት አንድ ጠብታም አልፈሰሰም።

እማዬ ትራክተሩን ሰምታ «ማን ሊመጣ ነው?» አለች። አባዬ «ልጅሽ ነዋ» አላት። ዞራ እኔን አየችኝ። አንተ ገና እመጣለሁ ባትለንም፣ እኔም አዎ አልኳት። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ ስላለች አስጠጋንላት።

አባዬ መንገዱ እስከ ዝናቡ ድረስ እንዲህ ይቆያል ይላል።

የቀረውን ሰላምታ በራችን ላይ እሰጥሃለሁ።

እህትህ