በባናው ገጽ ፊደላት ላይ ስለተደረገው ግምገማ

ለተከበሩ አቶ መኳንንት፣ የእደ ጥበብ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤
መሐል ሜዳ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ውርጩ ጉልበትዎን፣ ስብሰባው ወገብዎን ሳይነካ ከነወንበርዎ ያኑርልን። እኔ ትናንት በግምገማ ወደ ሩቁ ጊሼ እንድትዛወር የወሰኑባት የኮምፒውተር ጸሐፊዎ የጌታነሽ ታናሽ ወንድም፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪው ምንተስኖት ነኝ። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ እህቴ የሴቶች ማኅበር ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና በኢንተርኔት የሚያስተዋውቀውን ገጽ ስታዘጋጅ፣ የቢሮው ኮምፒውተር ፊደላችንን አላስቀምጥ ስላላት እያንዳንዱን ፊደል በቁጥሩ ጻፈችው። ከፊት &#፣ መሐል 4632፣ ከኋላ ; ስታደርግ ገጹን የከፈተ ሰው «መ»ን ያያል። ደብረ ብርሃን ላይ ተከፍቶ አንድ ሆሄ ሳይጎድል ተነቧል። እርስዎ ግን ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑን አዩና «ምንድን ነው ይሄ፣ የደብተራ አስማት ነው እንዴ? አጥፊና በሚነበብ አማርኛ ጻፊው!» አሉ። ከክፉ መንፈስ ስለጠበቁን እግዜር ይስጥልን።

፪ኛ፦ «ጋሼ፣ ይበላሻል» ብትልዎም ስለጸኑ ታዘዘች። ከዚያ ወዲህ ገጹን የከፈተ ሁሉ ከላይ እስከ ታች የሚያየው ???? ብቻ ነው። የማኅበሯ ሊቀመንበር እማማ ጥሩሸዋ ስማቸውን ፈልገው ቢያጡት «እኔ የቱጋ ነኝ?» ብለው ጠየቁ።

፫ኛ፦ ሌላ ኃላፊ ቢሆን ኮምፒውተሩን ያስመረምር ነበር፤ እርስዎ ግን ጠለቅ ብለው ግምገማ ጠሩ። እህቴ ቆማ ግለ ሂስ እንድታወርድ ተደረገ። ኮምፒውተር አብርተው የማያውቁ ታላላቆቻችን በየተራ እጅ እያወጡ «የአመለካከት ችግር አለባት» አሉ። በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር አመለካከት እንዳለው አልተማርንምና ይህንንም ከእርስዎ ተማርን።

በሰፈሩ ቀልደኛ እባላለሁ። ትናንት ግን ቤታችን የሚስቅ አልነበረም። እናታችን የአልጋ ቁራኛ ናት፤ የምታገላብጣት፣ መድኃኒቷን የምትሰጣት ጌታነሽ ናት። አሁን ጥግ ላይ ተቀምጣ ልብሷን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ስለዚህ፣ ከብዙ ስብሰባዎችዎ መካከል ቀዳዳ ቢያገኙ፣ ዝውውሩን እንዲሽሩልን በትሕትና እለምናለሁ።

ከወንበርዎ በታች፣ ከጫማዎ አቧራ ጥቂት ከፍ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ታዛዥ ልጅዎ ምንተስኖት

ማሳሰቢያ፦ በእህቴ ቦታ የመደቡት ልጅ ዛሬ ጠዋት ቤታችን መጥቶ «እባክሽ እቴ፣ አሳዪኝ» ብሎ ለምኗት፣ ያንኑ አስማት አስተምራው ሄዷል። ሰኞ ገጹ አማርኛ ሲናገር ካዩ፣ አመለካከቱ የተስተካከለው የማን እንደሆነ ለግምገማው ያስረዱልን። እስከዚያው ከልጁ ኋላ አይቁሙ።