በአባባ አቡጀዲ ላይ የተሳለው ልብ

ሰኞ

እኔ ኃጢአቴ የበዛ የማንኩሳ ልጅ፣ የአንደኛ ዓመት የጤና ተማሪ፣ ዛሬ ጧት አያቴ፣ አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሲሄዱ ከሳጥናቸው ነጭ አቡጀዲ ማንሳቴን በትሕትና እናዘዛለሁ። መስረቅ አላልኩም። ማንሳት ነው። ዓርብ ይመለሳል።

ጥፋቱ የአናቶሚ መምህራችን ነው። «መጽሐፍ በቃሉ የሚወጣልኝ አልፈልግም፤ ጨዋታ ፍጠሩና ልብን አስተምሩኝ» አለ። ለዓርብ። የመጀመሪያውን ፈተና ወድቄያለሁ። ይኸም ከሄደ ግቢውን ተሰናብቼ ከአባባ ጋር ሽንብራ ነቀላ ነው።

ሐሳቤ፦ ሰኞ ማክሰኞ። ያው በልጅነታችን የዘለልነው። ጨርቁ ላይ የልብን አራት ክፍሎች ከነበሮቻቸው፣ ሳንባንም ጨምሬ እስላለሁ፤ ተጫዋቹ ደም ነው። ጠጠር ጥሎ በአንድ እግሩ ይዘላል። የበሩን ስም ካልጠራ አያልፍም። ሳንባ ሲደርስ በእጁ የያዘውን ሰማያዊ ክር በቀይ ይቀይራል። ወደኋላ የተመለሰ ወጣ!

ማክሰኞ

ሳልኩት። በማይለቅ ቀለም። ከክፍላችን ጀርባ አንጥፌ የቡድኔን ልጅ ሀብታሙን አዘለልኩት። «ትራይከስፒድ» የሚባለው በር ላይ ምላሱ ታሰረ፣ ወጣ። ደግሞ ወጣ። በመጨረሻ ሲያልፍ «ዛሬ በሕልሜም መዝለሌ ነው» አለኝ። እኔም መጽሐፍ ሳልገልጥ የበሮቹን ስም መጥራት ቻልኩ። እኔ!

ቤት ስገባ አባባ ደረታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ፍኖተ ሰላም ያለው ሐኪም «የልብዎ አንዱ በር ደህና አይዘጋም» ካላቸው ወዲህ እንዲህ ናቸው። እሳቸው ግን፣ «የቤቴስ በር መቼ ይዘጋል? እስከ ዛሬ የጠፋብኝ ነገር የለም» አሉ።

ጎንበስ ብዬ እግሬን አከክሁ።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ።

ጎረቤታችን እትዬ የሺ አባባን ሊጠይቁ መጡ። እትዬ የሺ ለቅሶ ሳይረዳ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ልክ ስለ ጃንጥላ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ለመሆኑ መግነዝዎን አዘጋጅተዋል ወይ?» አሏቸው። ለታመመ ሰው!

አባባ ጭራሽ ኮሩ። «ኧረ ድሮ! ከቡሬ ገበያ ራሴ መርጬ፣ ጠበል አስነክሬ፣ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ነጭ አቡጀዲ ነው። ቅዳሜ ፀሐይ አስመታዋለሁ፣ ብል እንዳይበላው።»

የያዝኩት ጣሳ ወደቀ።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም አባባ፤ አዳልጦኝ ነው።»

አያቴ ሲሞቱ የሚገነዙበት ጨርቅ ላይ ሳንባ ስያለሁ። ሀብታሙ በጫማው ዘሎበታል።

ሐሙስ

የሞከርኩት፦ ሳሙና። ሎሚ። በረኪና። ቀዩ ሮዝ ሆነ፤ ሰማያዊው ንቅንቅ አላለም።

አዲስ ልግዛ? ጠበሉንስ? እሳቸው የመረጡትንስ? ሀብታሙ «ንገሪያቸው» ይላል፤ እሱ ምን አለበት። ልባቸው እንዲያ ሆኖ ነግሬያቸው አንድ ነገር ቢሆኑስ? መግነዙ በዚያው ቀን ይፈለጋል። ሕዝብ ተሰብስቦ ሲገለጥ ደግሞ... አይ፣ አልጽፈውም።

ለነገ ሌላ ጨርቅ ላይ መሳያ ጊዜ የለም። ያንኑ ይዤ መሄዴ ነው።

ዓርብ

«ጫማውን ሳያወልቅ የሚረግጥ የለም!» ብዬ አወጅሁ። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ክፍሉ ሳቀ፤ ግን አወለቀ። የካልሲውን ሽታ እግዜር ይቁጠርልኝ። መምህሩም አወለቀ፤ አውራ ጣቱ ከካልሲው ብቅ ብሎ ሁላችንንም ሰላም አለ። ደም ሆኖ ዘለለ፤ ወደኋላ ሲንገዳገድ «ወጣህ!» ብለው ጮሁበት። ከኋላ ወንበር ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ልጆች እንኳ የበሮቹን ስም እየጮሁ ነበር።

«ጫማ ማስወለቁን ማን አሰበው? ልብን እንዲህ ያከበረ ተማሪ አላየሁም» አለ መምህሩ።

አልፌያለሁ። ጨርቁን ሳጥፈው ግን እጄ ላይ ከበደኝ።

አባባ ደጅ ሲቀመጡ ጠብቄ፣ ስዕሉን ወደ ውስጥ አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። ጠጠሩን ከእጥፋቱ ማውጣቴን እንጃ።

ቅዳሜ

ፀሐይ ወጥታለች፤ ምን አስቸኮላት? ማድ ቤት ተደብቄ እጽፋለሁ። ቀድሜ ልንገራቸው ብዬ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ።

ሳጥኑ ተከፈተ። ሰማሁት።

ጠጠሩ መሬት ላይ ጠብ አለ።

ዝም።

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ልባቸውን ይሆን? ልሂድ?

ጨርቅ ሲነጠፍ ተሰማኝ። ከዘራቸው። ቋ። ቆመ። ቋ። ይኸ የአባባ አረማመድ አይደለም። በአንድ እግራቸው ነው እንዴ የሚ...

«ስንዱ! አንቺ ስንዱ! ነይማ እስቲ፤ የኔ የማይዘጋው በር የቱ ነው?»