ገብሱ ለዶሮ ነው

ጥር 3
ሦስቱም ጥለዋል። ቀይዋም፣ ገብስማዋም፣ አንገተ መላጣዋም። መስኮቱ ላይ ያለው ሳህን ውስጥ አሥራ አንድ እንቁላል ሞልቷል። ማን ይብላው?
ባለቤቴ ቦሰና በሕይወት እያለች ሞልቶ አያውቅም ነበር። እትዬ ማሚቱ ከጎረቤት ብቅ ትልና ሳትጠይቅ አንድ ታነሳለች። እኔ እናደዳለሁ፣ ቦሰና ትስቃለች። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንድም አልጎደለም።
መኖ የማመጣበት ሱቅ ሰፈር ለቋል። ምን እንደማበላቸው እንጃ። የሷ ዶሮዎች ናቸው፣ መሸጥ አልችልም።

ጥር 4
እንቁላል ለሚጥሉበት የሚነጠፍ ጭድ ፍለጋ ጭድ ተራ ሄድኩ። ጭድ ሻጩ ሙህዲን ጭዱን ማዳበሪያ ውስጥ እየጠቀጠቀ ስለ ዶሮዎቹ ጠየቀኝ። መኖ አለቀ አልኩት። ገብስ ያብቅሉላቸው አለ። አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፣ ትሪ ላይ ዘርግቶ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ማርከፍከፍ ብቻ ነው። በሰባት ቀን ሳር ይሆናል፣ ከነሥሩ እየቆረሱ መስጠት ነው። ወንድሙ ወልቂጤ የሚቀልባቸው በዚህ ነው አለኝ።
ዛሬ ከሰው ጋር ያወራሁት ይህንኑ ነው። የስፌት መኪና ሊያሠሩ የመጡትን አልቆጥርም። ከነሱ ጋር ወሬያችን መርፌና ክር ነው።

ጥር 5
እህል በረንዳ ነበርኩ። ነጋዴው ገብሱ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለዶሮ ማለት አፈርኩ… ለቤት ነው አልኩት። ጥሩውን መዘነልኝ፣ ነጭ፣ ጥርት ያለ። የትሪውን ሥር በጋለ ምስማር በሳሳሁት። ዘፍዝፌዋለሁ።

ጥር 8
ምንም የለም። ሸተተ።
ትሪውን ይዤ ሙህዲን ጋ ሄድኩ። አንዷን ፍሬ በጣቱ አሻሽቶ ሳቀ። የተፈተገ ገብስ ነው ለካ! ለሾርባ ለገንፎ ይሆናል እንጂ መቼም አይበቅልም። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ገንፎ ስበላ ኖሬ የተፈተገውን ካልተፈተገው አልለይም። ቦሰና ሰምታው ቢሆን ማታውኑ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ምነው በሳቀብኝ…

ጥር 9
አዲስ ዘፈዘፍኩ። ከነገለባው።

ጥር 11
ጥምቀት። ታቦቱ ሲገባ እልልታው እቤት ድረስ ይሰማል። አልወጣሁም። አምና ቦሰና ታማም ቢሆን ተደግፋኝ ወጥታ ነበር።
ገብሱ ነጭ አፍንጫ አውጥቷል። እዩልኝ የምለው ሰው አጣሁ። ለአንገተ መላጣዋ አሳየኋት፣ ልትበላው ዘለለች።

ጥር 13
እትዬ ማሚቱ የእድር ወረቀት ልታደርስ መጣች። እንደ ወትሮው በር ላይ ሰጥታኝ ልትመለስ ስትል ትሪውን አየችው። ቆመች።
"ብቅል ነው?"
ድምጿ ተለወጠ። እኔ ምን እንደምል ሳስብ እሷ ቀጠለች።
"ሙት ዓመቷ ጥር ሰላሳ ነው አይደል? የረሷት መስሎኝ በልቤ ተቀይሜዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"
በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ሄደች። ለጠላ የማበቅል መስሏታል። እሷ ምን ታድርግ? በዚህ ግቢ ገብስ በቀለ ማለት ጠላ ሊጠመቅ ነው፣ ጠላ ሊጠመቅ ነው ማለት ድግስ አለ ማለት ነው። እንዴት አላሰብኩትም?
ሙት ዓመቷን እኔ ዘግቼ ላሳልፍ ነበር ያሰብኩት። አምና በሠልስቱ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከዛሬ ወዲያ ማንም አይምጣብኝ ብያለሁ። አርባዋንም ለራጉኤል የሚሰጠውን ሰጥቼ በሬን ዘጋሁ። ሰዉም ቃሌን አከበረ። የከበደኝ የሰው መምጣት አልነበረም… መሄዱ ነው። ግን ይህን ለማን አስረዳለሁ?

ጥር 14
ጠዋት በር ስከፍት ጌሾ በፌስታል ተንጠልጥሏል። ከሰዓት ደግሞ ከታች ቤት ኤልሳቤት እንስራ ላከች። ታጥቧል፣ በወይራ ታጥኗል።
ዝም ማለት ውሸት ነው? እውነቱን ከነገርኳቸው ያፍራሉ፣ ይመለሳሉ። አሁን ከተመለሱ ደግሞ ከእንግዲህ ይህን በር የሚያንኳኳ አይኖርም። ካልነገርኳቸው በቦሰና ስም እያታለልኩ ነው።


ጥር 15
ለማሚቱ ነገርኳት።
በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ትቀነጥሳለች።
"እትዬ ማሚቱ፣ ገብሱ ለዶሮ ነው።"
እጇ ቆመ። አበቃ አልኩ በሆዴ። ቀና ብላ ቆጡን አየች፣ እኔን አየች።
"ዶሮዎቹስ የማን ናቸው?"
"የቦሰና።"
ስሟን ጮክ ብዬ ከጠራሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ከወጣልኝ በኋላ ማልቀሴን ማቆም አቃተኝ። ማሚቱ አላባበለችኝም፣ ጌሾዋን ቀጠለች። ስጨርስ ተነሥታ ትሪው ላይ ጎንበስ አለችና ትቆጣኝ ጀመር። ብቅል ብርሃን አይወድም፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ድንጋይ ይጭኑበታል እንጂ እንዲህ ገልጠው ሳር ያደርጉታል ወይ? ወንድ ብቻውን ሲቀር ጉዱ ይህ ነው አለች። ግማሹን ወሰደች፣ ግማሹን ለዶሮዎቹ ተወችላቸው።
እንዲህ የሚቆጣኝ ሰው ካጣሁ ዓመቴ ነው። ደስ አለኝ።

ጥር 18
ሳሩ ጣት አክሏል። ሥሩ ተቆላልፎ ምንጣፍ ሆኗል። ቆረስኩላቸው። ቀይዋ ቅጠሉን፣ አንገተ መላጣዋ ሥሩን። ገብስማዋ ግን አኮረፈች፣ ነገ ትለምደዋለች።

ጥር 30
መጡ።
ሰው እስከ በረንዳው ሞላ። ጠላው ትንሽ ቀጠነ፣ ማሚቱ ብቅሉ አንሶ ነው ብላ እኔን አየችኝ። ሙህዲን በአንድ ለስላሳ አመሸ። የተፈተገውን ገብስ ታሪክ አወራባቸውና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፣ እኔም ጭምር። ኤልሳቤት ይህን ቦሰና ብትሰማ አለች። ሁላችንም መልሰን ሳቅን።
ከዚያ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። እንደፈራሁት ከበደኝ፣ አልዋሽም። ማሚቱ ብርጭቆዎቹን አይንኩ፣ ነገ መጥቼ አጥባለሁ ብላ ሄዳለች። አልነካሁም።

የካቲት 8
ጠዋት ስቸኩል ገብሱን ሳላጠጣ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ደረቀ እያልኩ ስጨነቅ ዋልኩ። ስመለስ ትሪው እርጥብ ነው፣ ውሃው ከሥሩ ይንጠባጠባል።
ከዚያ ሳህኑን አየሁ። ጠዋት ዘጠኝ እንቁላል ነበር። ስምንት ነው። ደግሜ ቆጠርኩ… ስምንት።
ማሚቱ ሳትጠይቀኝ ወስዳለች።