ስድስት ጉሮሮ

ሐምሌ 9 ቀን 1958

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለጥገና የመጣ አንድ ሬዲዮ ብቻ ከፈትኩ፤ እሱም ሕመሙ ባትሪው ነበር። ባለቤቱ "ይኸንንማ እኔም አላጣው" ብሎ ሄደ።

እናቴ ብቻዋን ስታርም ዋለች። ጎረቤቶቻችን በወንፈል የአያ አድማሴን ማሽላ አርመው ጨርሰው ወደ እትዬ ገላነሽ ተሻገሩ። የእኛን ማሳ ዘለሉት። ክፋት አይደለም። ወንፈል ጉልበት ተቀብሎ ጉልበት መመለስ ነው፤ እኛ ምን እንመልሳለን?

ራት ላይ ዛሬ ማን ማን እንዳረመ ስትነግረኝ በጣቷ ቆጠረች። "ከአድማሴ ቤት ሦስት፣ ከገላነሽ ሁለት…" መጨረሻ ላይ "ከእኛ አንድ፣ ለብቻዋ" ብላ ሳቀች። አጠገቧ ተቀምጫለሁ እኮ…

ሐምሌ 16

እናቴን ሳሏ ሌሊቱን አላስተኛትም። አምና ከማማ ላይ ወፍ ስትጠብቅ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጮኻ ያመጣችው ነው። ያም ሆኖ ግሪሳው ግማሹን በላው።

"ዘንድሮም ከበላው ጓያ ነው የምንበላ" አለች። ከዚያ አፏን ያዘች።

ከስድስት ዓመት በፊት እህል ሲያልቅብን ክረምቱን ሙሉ ጓያ ብቻ በላን። መስከረም ላይ ጉልበቴ ደርቆ አልታጠፍ አለ። ጓያ የሰበረው አይድንም ይላሉ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሁለት በጋ ተነከርኩ፤ እግሬ ንጹሕ ሆነ እንጂ አልሄደም። ይኸው በሁለት ምርኩዝ።

እሷም እንደ እኔ ብትሰበርስ? ይኸን ማሰብ አልፈልግም።

በእሷ ፋንታ የሚጮህ ነገር እሠራለሁ። አገኘሁ የሚባለው ሾፌር ከጎንደር ያመጣልኝ የሞቱ ትንንሽ ሬዲዮዎች አሉ። ሬዲዮዎቹ ሞተዋል፣ ስፒከራቸው ግን ደህና ነው። ስድስት ናቸው። አንዱ ብቻውን ትንኝ ነው፤ ስድስቱ በአንድ ሣጥን ቢገቡስ? እናቴ አገላብጣ አየቻቸውና "የሬዲዮ ጉሮሮ ይኸ ነው?" አለች።

ነሐሴ 3

ስድስቱን ጎን ለጎን አስሬ ከማጉያው ጋር አገናኘሁ። ማጉያው የአንድ ትልቅ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ነው፤ መናገሪያው የተሰበረ ስልክ አፍ። የአገኘሁ አሮጌ የመኪና ባትሪ ከሥሩ። "ሃሎ" አልኩ። ቤቱ ተናወጠ። ሁለተኛ "ሃሎ" ስል ሽታ መጣ… የማጉያው ትራንዚስተር ተቃጠለ።

ስድስት ጥጃ በአንድ ላም ላይ ለቅቄ ኖሯል።

ነሐሴ 14

ሁለተኛውም ተቃጠለ። ዛሬ አልጽፍም።

ነሐሴ 26

ሦስት ሦስቱን አከታትዬ አስሬ ሁለቱን ረድፍ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። አሁን አይቃጠልም። ግን ድምፁ የት ገባ? አንዱ ብቻውን ሲናገር ከስድስቱ አንድ ላይ ይሻላል። ስድስት ሁነው ከአንድ ያነሰ የሚናገሩ የሽምግልና ሰዎች ብቻ አውቃለሁ።

እናቴ ከጓዳ፦ "ስድስት ጉሮሮ ሰብስበህ እንደኔ ሳል ብቻ ነው የሚያወጣ?"

መበየጃዬን ብወረውረው ከሰል ውስጥ ወደቀ። እጀታው ነደደ። ቁጣዬ ራሴን ብቻ ነው የሚጎዳው።

መስከረም 9 ቀን 1959

አዲሱ ዓመት ገብቶ እንኳን ድምፁ ያው ነው። ሽቦውን አራት ጊዜ ፈታሁ፣ አራት ጊዜ አሰርኩ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ከቀትር በኋላ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ እያንዳንዱን ስፒከር በባትሪ ድንጋይ ነካ አደረግኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ወደ ውጭ ዘለለ። ሁለተኛው ወደ ውጭ። ሦስተኛው… ወደ ውስጥ! አምስተኛውም ወደ ውስጥ። ለካ አራቱ ሲገፉ ሁለቱ ይስባሉ። አንዱን በሬ ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ ጠምጄ ለምን አይታረስም ስል ሁለት ሳምንት ሞላኝ። የሁለቱን ሽቦ አዞርኩ።

"ሃይ!" አልኩ። የአያ አድማሴ ውሻ ከነሰንሰለቱ ተነሣ።

መስከረም 25

ከሻይ ሣጥን ጣውላ ቤት ሠራሁላቸው። ውስጡን የበግ ፀጉር ጎሰጎስኩበት፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ። የአንዱ ወረቀት ተቀዶ ነበር፤ በዱቄት ሙጫ ጠገንኩት። ቆንጆ ሆነ። ለራሴ ስል ነው የምጽፈው፤ ቆንጆ ሆነ።

ጥቅምት 15

ማሽላው ወተት ይዟል። ሣጥኑ ማማችን ላይ ተሰቀለ፤ እናቴ ናት የሰቀለችው፣ እኔማ እንዴት ልወጣ። ሽቦው እስከ በረንዳዬ ይመጣል። እሷ ከጓሮ በር ሁና ወፍ ስታይ እጇን ታነሣለች፣ እኔ እጮኻለሁ።

ግሪሳው እንደ ደመና ወረደ። "ሃይ! ሃይ!" አልኩ። ባንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ጠፋ። አንድ ወፍ አልቀረም።

እናቴ ጓሮ በር ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ፈተለች። በጥቅምት ጥጥ ስትፈትል ሳያት መጀመሪያዬ ነው።

ጥቅምት 18

አያ አድማሴ መጣ። አልተቀመጠም።

"አበረ፣ ወፉን አባረርኸው?"

"አዎ፣ አያ አድማሴ።"

"የት አባረርኸው?"

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

"እኔ ማሳ ላይ ነው ያባረርኸው። ሚስቴ ማማ ሳትደርስ ወረደብን። የጥጉ ማሽላ ራሱ ሁሉ ገለባ ሁኗል።" ከዚያ ለሕፃን እንደሚነገር ነገረኝ። ከርብ ወንዝ ወዲህ ያሉት ስድስት ማማዎች ሲጮኹ በተራ ነው። ከላይኛው ይጀምራል፤ እሱ ሲጮህ ቀጣዩ ወንጭፉን ይዞ ይነሣል፤ እንዲህ እያሉ ወፉን ከማሳ ማሳ ገፍተው ርብ ዳር ቄጠማ ውስጥ ይከቱታል። አንዱ ብቻውን ካንባረቀ ወፉ ባልተነሣው ጎረቤት ላይ ይወርዳል።

"ስድስት አፍ ሰብስበህ አንድ ቦታ ከምታንባርቅ አንዱን ለእኔ ብትሰጠኝ ምን ነበር?" ብሎ ሄደ።

ሦስት ወር የለፋሁበት። ሦስት ወር።

ጥቅምት 19

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"አውቃለሁ። እኔ ከላይ ሳልሰማ ጮኼ አላውቅም።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"አልጠየቅኸኝ።" እንዝርቷን አስቀመጠች። "ደግሞ… ድምፅህን ከማሳው ከሰማሁ ስድስት ዓመቴ። ትንሽ ልስማው ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ተቆጣሁ። ካሣ ይሆናል ብላ ለአድማሴ ሚስት የፈተለችውን ጥጥ ወሰደችላት። ከዚያ ወንጭፏን ይዛ ማማ ወጣች። ከበረንዳዬ ሳሏ ይሰማኛል።

ስትወርድ ይዛው የመጣችውን ሣጥን ጎተራው ሥር ወረወርኩት።

ጥቅምት 28

አይጥ! የጠገንኩትን ስፒከር ከነወረቀቱ በልቶታል።

"ዱቄት ቀብተህ አስቀምጠህ በአይጥ ትፈርዳለህ?" አለች እናቴ። ሳቀች፣ ከዚያ ሳሉ ያዛት፣ ለረጅም ጊዜ አለቀቃትም። ዛሬ በሳሉ ውስጥ ደም አየሁ። ደብቃኝ ነበር።

አምስት ቀሩ። አምስቱን በሣጥን ባስራቸው ሚዛኑ አይመጣም። ታዲያ ምን ይሠራሉ? "አንዱን ለእኔ ብትሰጠኝ…" የአድማሴ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በንዴት የተናገረው ነው። ግን ለምን አልሰጠውም? ለእያንዳንዱ ማማ አንድ ትንሽ ጉሮሮ፣ ሽቦው ሁሉ እኔ ጋ ቢመጣ፣ እኔ በተራ ብነካቸው… ትንኝ እኮ ጆሮ አጠገብ ስትሆን ትሰማለች።

ሣጥኑን አፈረስኩት። መሥራቱ ሦስት ወር፣ ማፍረሱ ግማሽ ቀን። እንባዬ መጣ፣ ምን ዋጋ አለው መደበቅ፣ የሚያነበው የለም።

ኅዳር 3

ሽቦ ከየት? ጣሊያን ጥሎት የሄደው የስልክ ሽቦ የየሰው አጥር ማሰሪያ ነው። አያ አድማሴ መጀመሪያ የራሱን አጥር ፈታ። እትዬ ገላነሽ እያጉረመረሙ "ላሜ ብትወጣ አንተን ነው የምጠይቅ" ብለው ፈቱ። አምስት ማማ፣ አምስት ስፒከር፣ ሁሉም በቅል ውስጥ፣ ዝናብ እንዳይነካቸው። የሽቦዎቹን ጫፍ ጣውላ ላይ በአምስት ሚስማር ደረደርኳቸው። አንዱን ሚስማር በማጉያው ሽቦ ነክቼ ስናገር የዚያ ሚስማር ማማ ይጮኻል።

ችግሩ፣ ከበረንዳ ወፉ አይታይም። ማማ ላይ መሆን አለብኝ።

አያ አድማሴ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። "እንደ ጆንያ አልሸከምም" አልኩ። "ጆንያ አይናገርም፣ ና ውጣ" አለኝ። ወጣሁ። አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ግን ወጣሁ።

የእኛ ማማ ከላይ ሦስተኛው ነው። ሜዳው ሁሉ ታየኝ። ርብ ይኸን ያህል ቅርብ ነበር እንዴ?

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከእኔና ከእትዬ ገላነሽ በቀር ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ወፍ በዓል አያውቅም።

ግሪሳው ከላይ መጣ። አንደኛውን ሚስማር ነካሁ፦ "ሃይ!" ሁለተኛውን። የእኛ ማማ ሲደርስ ስፒከር የለውም፤ በራሴ ጉሮሮ ጮኽኩ። ከዚያ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው ማማ። መጨረሻው ላይ እትዬ ገላነሽ በወንጭፋቸው አጀቡት። ወፉ ቄጠማው ውስጥ ገባ።

ሁለት ሰው ለስድስት ማሳ በቃ። የቀረው ሰው ማማ መውጣት ተወ። እናቴም። አገኘሁ ለሳሏ ከባሕር ዳር መድኃኒት አመጣላት። የኔ ድምፅ ግን እንደ አሮጌ በር ሆኗል፣ ጀርባዬም ተቆርጧል፣ ባትሪውም በየሦስት ቀኑ ይሞታል። ማን ላይ ልቆጣ?

ታኅሣሥ 8

ማሽላው ደርሷል። አያ አድማሴ ማለዳ መጣ፤ አሁን ሳይጠሩት ይቀመጣል።

"ነገ ወንፈሉ ከእናንተ ይጀምራል።"

እናቴ ደነገጠች። "አድማሴ፣ በምን ጉልበት እመልሳለሁ?"

"ማን መልሽ አለሽ? ልጅሽ ኅዳርን ሙሉ ለስድስት ቤት ውሎልናል። ያልመለስን እኛ ነን።"

እኔ ሚስማር እያጠራሁ ነበር። ያጠራሁትን መልሼ አጠራሁ።

ታኅሣሥ 9

ማጭድ ከማለዳ ጀምሮ። ትራንዚስተሩ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጠለ፤ ደግነቱ ወፉ ከእንግዲህ የሚበላው የለም። ከማማው ሥር ተቀምጬ የታጨደውን ሳስር ዋልኩ። ለማሰር እግር አያስፈልግም፤ ስድስት ዓመት ያላሰብኩት።

ለምሳ እንጀራ ለማውጣት እናቴ ሰዉን በጣቷ ቆጠረች። "ከአድማሴ ቤት ሦስት፣ ከገላነሽ ሁለት…" ሁሉንም ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ከእኛ ሁለት" አለችና ሁለት ጣት አጠፈች።